«ዴት» የምትባለው ቫሪያብል፦ ኮድ ውስጥ ስም አወጣጥ ደረጃ በደረጃ

ከእንጦጦ ማዶ፣ ሱሉልታ መንገድ ዳር አንድ የወተት ማሰባሰቢያ አለ። ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ላይ ገበሬዎቹ ጀሪካናቸውን ይዘው ይሰለፋሉ። ሰብሳቢዋን ሁሉም «እትዬ» ነው የሚላቸው። ላክቶሜትራቸውን ነክረው ወተቱ ውኃ ይግባበት አይግባበት ያያሉ፣ ሊትሩን ይለካሉ፣ ደብተራቸው ላይ ይጽፋሉ። እኔና አንድ ባልደረባዬ ያንን ደብተር ወደ ኮምፒውተር ፕሮግራም ቀየርነው። ክፍያ በየ15 ቀኑ ነው። የመጀመሪያው የክፍያ ቀን መስከረም 15 ቀን 2016 ላይ ዋለ። እትዬ «ክፍያ አውጣ» የሚለውን ሲጫኑ የሁሉም ገበሬ ሒሳብ ዜሮ ብር ሆኖ ወጣ።

ስልኬ ጮኸ። «ልጄ፣ ሰዉ በር ላይ ቆሟል። ምን ልበላቸው?»

እኔ የምኖረው በከተማዋ ሌላኛው ጫፍ፣ ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ነው። ከዚያ ተነስቶ ሱሉልታ መድረስ ማለት አዲስ አበባን ከጫፍ ጫፍ መሰንጠቅ ነው። ታክሲ ቀያይሬ ስደርስ እትዬ ከደብተራቸው አስልተው ግማሹን ሰው ከፍለው ሸኝተዋል። ደብተሩን እንኳንም አልጣሉት!

ጥፋቱ አንዲት ስም ላይ ነበር። የመመዝገቢያውን ገጽ የሠራሁት እኔ ነኝ፤ ቀኑን «ዴት» አልኩት። እትዬ የሚያስቡት በእኛ አቆጣጠር ስለሆነ 2016-01-15 ተብሎ ገባ። ባልደረባዬ የክፍያውን ክፍል ሲሠራ «ዴት» የሚል ኮለም (የሰንጠረዥ ዓምድ) አየ። ዴት ዴት ነው። የፈረንጅ መስሎት ሴፕቴምበር 26 ቀን 2023ን ይዞ ወደኋላ 15 ቀን ፈለገ። ወተታችን ግን ጃንዋሪ 2016 ላይ ተቀምጧል። ኮምፒውተሩ አንድም ስህተት አላወጣም፤ ሁለቱም ትክክለኛ ቀኖች ናቸዋ። ያን ዕለት ባይታወቅ ኖሮ ጥቅምት 30 ላይ ራሱ ይጮህ ነበር። ጥቅምት ሁለተኛ ወራችን ነው፤ ፌብሩዋሪ 30 የሚባል ቀን ደግሞ የለም።

ከዚያ ወዲህ አዲስ ሥራ ስጀምር፣ አንድ መስመር ኮድ ሳልጽፍ፣ ስም አወጣጡን እጨርሳለሁ። አካሄዴ ይኸው። የኮድ ስሞቹን እዚህ የማስቀምጠው በፊደላችን ነው፤ ሥራ ላይ ስታውሉት አብዛኛውን በላቲን ትጽፉታላችሁ። «አብዛኛውን» ያልኩበትን ምክንያት ሦስተኛው ደረጃ ላይ ታገኙታላችሁ።

1. የቋንቋውን ልማድ ጠይቁ

ጀማሪ ሁሉ «ስኔክ ኬዝ ይሻላል ካሜል ኬዝ?» ብሎ ነው የሚጀምረው። እዚህ ላይ አትድከሙ። የምትጽፉበት የፕሮግራሚንግ ቋንቋ መልሱን ቀድሞ ሰጥቷል።

ስኔክ ኬዝ ቃላቱን በትንንሽ ፊደል ይጽፍና በመካከላቸው አንደርስኮር ያስገባል፦ «ሚልክ_ሊትር»። ካሜል ኬዝ ቃላቱን ይገጥምና ከሁለተኛው ቃል ጀምሮ የየቃሉን መጀመሪያ በትልቅ ፊደል ያደርጋል፤ መሀሉ እንደ ግመል ሻኛ ብቅ ስለሚል ነው ስሙ። ፓስካል ኬዝም ያው ነው፣ የመጀመሪያው ቃል ሳይቀር በትልቅ ፊደል ይጀምራል እንጂ። ኬባብ ኬዝ ሰረዝ ይጠቀማል፤ የድረ ገጽ ማስዋቢያው ሲኤስኤስ ላይ ታገኙታላችሁ። በአብዛኛው ቋንቋ ግን ሰረዝ መቀነሻ ስለሆነ አይሠራም።

ፓይተን ፔፕ 8 የሚባል የአጻጻፍ መመሪያ ካወጣ ቆይቷል፣ 2001 ላይ ነው። ቫሪያብል (ዋጋ የሚይዝ ስም) እና ፈንክሽን (አንድ ሥራ የሚሠራ የኮድ ክፍል) በስኔክ ኬዝ፣ ክላስ (የነገሮች ንድፍ) በፓስካል ኬዝ፣ የማይለወጥ ዋጋ ሙሉ በሙሉ በትልልቅ ፊደል። ጃቫና ጃቫስክሪፕት ካሜል ኬዝ ይወዳሉ፣ ክላሱን በፓስካል። ሲ ሻርፕ ሜተዱንም (የክላሱን ፈንክሽን) በፓስካል ይጽፋል። ረስት ላይ ልማዱን ብትጥሱ ኮዱን ለማሽኑ የሚተረጉመው ኮምፓይለር ራሱ ያስጠነቅቃችኋል። ጎ ደግሞ ከልማድም አልፏል። ስሙ በትልቅ ፊደል ከጀመረ ከፓኬጁ (ከኮዱ ጥቅል) ውጭ ይታያል፣ በትንሽ ከጀመረ እዚያው ውስጥ ይቀራል።

ሌላ ሰው የጀመረው ፕሮጀክት ላይ ከገባችሁ ደግሞ ከቋንቋውም በላይ የቤቱን ልማድ ያዙ፤ እንደ አገሩ ይኖሩ፣ እንደ ወንዙ ይሻገሩ ነው። እኛ ሰፈር ብሎኮቹ ቁጥር አላቸው። ቁጥሩ ምንም ውበት የለውም። ግን አንዱ ብሎክ በቁጥር፣ ሌላው ሥሩ ባለው ፀጉር ቤት ስም ቢጠራ ዕቃ የሚያደርሰው ሞተረኛ ሲዞር ያመሻል። ኮዱ ግማሹ ስኔክ ግማሹ ካሜል ሲሆን የሚዞረው ሞተረኛ እናንተው ናችሁ።

2. ደብተሩን ክፈቱ

ቀጥሎ ቃላቱን ሰብስቡ። ከላፕቶፑ ተነሱና ሥራው ካለበት ቦታ ሂዱ። ሰዎቹ ምን ብለው እንደሚጠሩት አዳምጡ። እትዬ ደብተር ላይ ያሉት ርእሶች እነዚህ ነበሩ፦ ስም፣ ጠዋት፣ ማታ፣ ድምር፣ ፊርማ። እኛ ይህን ሳናይ ነው ኮድ የጀመርነው።

ምን እንደተከተለ ልንገራችሁ። ወተት የሚያመጣውን ሰው እኔ «ፋርመር» አልኩት። ባልደረባዬ «ሰፕላየር» አለው። ሪፖርቱ ላይ ደግሞ፣ ማናችን እንደጻፍነው እንጃ፣ «ከስተመር» ተብሏል። አንድ ሰው በሦስት ስም! ይባስ ብሎ ከስተመር መባል ያለባቸው ወተቱን የሚገዙት ካፌዎች ናቸው። ቀጥለን ካፌዎቹን ማስገባት ስንጀምር ገበሬው ገዢ ሆኖ ቁጭ ብሏል።

አሁን የማደርገው ቀላል ነው። አንድ ወረቀት ላይ ሁለት መደብ አሰምራለሁ። በግራ ቃሉ፣ በቀኝ ትርጉሙ በአንድ ዓረፍተ ነገር። አቅራቢ፦ ወተት አምጥቶ ብር የሚቀበል። ገዢ፦ ወተት ወስዶ ብር የሚከፍል። ርክክብ፦ አንድ አቅራቢ በአንድ ጊዜ ያስረከበው ወተት። ሃያ ቃል አይሞላም። ከዚያ ለእያንዳንዱ አንድ ብቻ የኮድ ስም ይሰጠዋል፤ ሌላው የተከለከለ ነው።

ለግሦቹም እንደዚያው አድርጉ። ከዳታቤዝ ማምጣትን አንዱ «ጌት»፣ አንዱ «ፌች»፣ አንዱ «ሎድ» ካለው አንባቢ ልዩነት አለ ብሎ ሲፈልግ ይውላል። አንዱን መርጣችሁ ሌሎቹን እርሷቸው።

3. እንግሊዝኛ፣ አማርኛ በላቲን ወይስ ፊደል?

እኛ አገር ይህ ጥያቄ ከስኔክና ካሜል በላይ ያወዛግባል፤ ሲያንስበት ነው።

የኔ ሕግ፦ የኮምፒውተሩ የሆነው ነገር በእንግሊዝኛ፣ የአገሩ የሆነው በአገሩ ስም። «ካውንት»፣ «ቶታል»፣ «ሴቭ» እንግሊዝኛ ይሁኑ፤ ቋንቋው ራሱና ላይብረሪዎቹ በዚያ ነው የሚናገሩት። ወረዳን ግን «ዲስትሪክት» አትበሉት። ነገ ዞን ሲመጣ ምን ልትሉት ነው? አዲስ አበባ 11 ክፍለ ከተማ አላት፣ በሥራቸው ወረዳ፣ ከዚያ የቤት ቁጥር። አንዱ ክፍለ ከተማን «ሰብሲቲ» ወረዳን «ዲስትሪክት»፣ ሌላው ክፍለ ከተማን «ዲስትሪክት» ሲል የተደበላለቀ አድራሻ ያስተካከለ ሰው ያውቀዋል። እቁብ፣ እድር፣ ጳጉሜ፣ ፈረሱላ፣ ጾም፣ እነዚህን በእንግሊዝኛ ለመጥራት የሚደረገው ትግል ለማንም አልጠቀመም። ማሰባሰቢያው በዐቢይ ጾም 55 ቀን ገበያው ስለሚቀዘቅዝ የተለየ ዋጋ አለው። «ጾም_ዋጋ» ብለን በላቲን ጻፍነው፣ አለቀ።

ጣጣው የላቲኑ አጻጻፍ ነው። «ወ»ን አንዱ ከ«ደብልዩ» ቀጥሎ «ኢ» ያደርግላታል፣ ሌላው «ኦ»። ጥብቁን «ጸ» አንዱ በ«ቲኤስ»፣ ሌላው በባዶ «ኤስ»። ስለዚህ በቁጥር ሁለት ላይ ያሰመራችሁት ወረቀት ሦስተኛ መደብ ይጨመርለት፦ ትክክለኛው የላቲን አጻጻፍ። የትኛው ይሻላል ብላችሁ አትከራከሩ፤ አንዱ ይያዝ።

በራሱ በፊደል መጻፍስ? ይቻላል። ፓይተን ከ3 ጀምሮ፣ ማለትም ከ2008 ወዲህ፣ «ዋጋ» ብላችሁ ቫሪያብል ብትጽፉ ያለ አንዳች ቅሬታ ይቀበላል። ጃቫስክሪፕትም፣ ጃቫም እንዲሁ። ጎረቤቴ አሥረኛ ክፍል ልጅ አለው፤ ኮድ ሳስተምረው በፊደል ነው የጀመርነው። «ክፍያ_አስላ» የሚለውን ሲያነብ ዓይኑ በራ። ግሡ መጨረሻ ላይ መምጣቱ ለኛ ጆሮ ሲስማማ!

በሦስተኛው ቀን ግን ጉድ ፈላ። ልጁ ከላይ «ዓመት» ብሎ ጻፈ፣ ከታች «አመት»። ፓይተን «እንዲህ የሚባል ስም አላውቅም» ብሎ ቆመ። ልጁ ግማሽ ሰዓት አፈጠጠበት። ለኛ አንድ ቃል ነው፣ ለኮምፒውተሩ ሁለት የማይተዋወቁ ስሞች። ሀ፣ ሐ፣ ኀ፤ ሰ፣ ሠ፤ አ፣ ዐ፤ ጸ፣ ፀ፦ በጽሑፍ ላይ የምናልፋቸው ልዩነቶች ኮድ ውስጥ አያልፉም። «ሠራተኛ» እና «ሰራተኛ» አንድ ፕሮግራም ውስጥ ሁለት ሰው ናቸው። የአማርኛ መምህሬ ይህን ቢያዩ እንዴት ደስ ባላቸው።

ሌላም አለ። ፊደላችን ትልቅና ትንሽ ስለሌለው ካሜል ኬዝ አይታሰብም። ያለው አማራጭ ስኔክ ብቻ ነው፤ ክላስና ቫሪያብልን በዓይን መለየትም ይቀራል። ጎ ላይማ በፊደላችን የሚጀምር ስም በትልቅ ፊደል ጀመረ ስለማይባል ከፓኬጁ ጨርሶ ሊወጣ አይችልም። ሁለት ነጥብ (፡) ቃል መለያችን ቢሆንም ስም ውስጥ አይገባም። የግእዝ ቁጥር ደግሞ አስቂኝ ነው፤ ፓይተን «ላም፩»ን እስከ «ላም፱» ይቀበልና «ላም፲» ላይ እምቢ ይላል። የዓለምን ፊደላት ለኮምፒውተር የሚመዘግበው ዩኒኮድ ከ፩ እስከ ፱ ያሉትን ስም ውስጥ እንዲገቡ ፈቅዶ ፲ን ስላልፈቀደ ነው። ፖስትግሬስ የሚባለው ዳታቤዝ ላይ ከሆናችሁ ስም ከ63 ባይት አይበልጥም። በዩቲኤፍ 8 (ጽሑፍ ኮምፒውተር ውስጥ በሚቀመጥበት መንገድ) አንዱ ፊደላችን 3 ባይት ስለሚወስድ ለናንተ 21 ፊደል ማለት ነው፤ የተረፈው ይቆረጣል።

ፍርዴን ከጠየቃችሁኝ፦ ለማስተማሪያ ፊደል ግሩም ነው። ብዙ ሰው ለሚነካው ሥራ ላቲን።

4. መለኪያውንና አቆጣጠሩን ስሙ ላይ ለጥፉ

ከዚህ መመሪያ አንድ ነገር ብቻ ትወስዱ እንደሆነ ይህን ውሰዱ።

ቁጥር ብቻውን ምንም አይናገርም። 15 ምንድነው? ሊትር? ብር? ቀን? ስለዚህ መለኪያ ያለው ነገር ሁሉ መለኪያውን በስሙ ጫፍ ይሸከም። «ወተት» ሳይሆን «ወተት_ሊትር»። «ክብደት» ሳይሆን «ክብደት_ኪሎ»፤ ኩንታል ከሆነ «ክብደት_ኩንታል»፤ ቡና ላይ ፈረሱላ ከሆነ እሱንም፣ 17 ኪሎ ነውና ከኪሎ ጋር ቢምታታ ቀልድ አይደለም።

ብርም እንዲሁ። ኮምፒውተር 0.1 እና 0.2ን ደምሮ 0.30000000000000004 የሚል ዓመለኛ ስለሆነ ሒሳቡን በሳንቲም፣ በሙሉ ቁጥር መያዝ ይሻላል። ታዲያ ስሙ «ክፍያ» ብቻ ከሆነ አንዱ 4500ን ብር ብሎ ያትመዋል። 45 ብር ነበር። «ክፍያ_ሳንቲም» ያለ ሰው ግን ሳያካፍል አያትምም።

ወደ ቀኑ ስንመጣ፣ እኛ በሁለት አቆጣጠር የምንኖር ሕዝብ ነን፤ «ዴት» የሚል ስም ኢትዮጵያ ውስጥ በሕግ መከልከል ነበረበት። የምንጠቀመው አሠራር ይህ ነው። ዳታቤዝ ውስጥ የፈረንጁ ብቻ ይቀመጣል፣ ስሙም «ርክክብ_ቀን_ጂሲ» ነው። ሰው የሚያየውና የሚሞላው ሁሉ በእኛ አቆጣጠር ስለሆነ «_ኢሲ» የሚል ጭራ አለው። የኢሲው ዋጋ የዴት ዓይነት ኮለም ውስጥ አይገባም፤ ጳጉሜ የምትባል አሥራ ሦስተኛ ወር ስላለችን ዳታቤዙ አይውጣትም። አንዱን ወደ ሌላው የሚቀይሩ ሁለት ፈንክሽኖች አሉ፣ «ኢሲ_ወደ_ጂሲ» እና «ጂሲ_ወደ_ኢሲ»፣ ሌላ ቦታ ማንም አይቀይርም። አሁን «ርክክብ_ቀን_ኢሲ»ን ከ«ዛሬ_ጂሲ» ጋር የሚያወዳድር መስመር ሲጻፍ ማንም ሳያስጠነቅቅ ዓይን ይኮሰኩሳል። ያ መኮስኮስ ነው የተፈለገው።

ሰዓቱንም አትርሱት። እትዬ «12፡30» ሲሉ ስልኩ 6፡30 ይላል። «ሰዓት_ሀበሻ» የሚል ኮለም አለን። ሲነበብ ያስቃል፣ ግን እስካሁን አንድም ሰው አልተሳሳተበትም።

የናሳ ማርስ ክላይሜት ኦርቢተር የምትባል መንኮራኩር 1999 ላይ የጠፋችው አንዱ ወገን በእንግሊዝ መለኪያ፣ ሌላው በሜትሪክ ስለሠራ ነው። እኛስ ለአርባ ሊትር ወተት ነው የተሳሳትነው ብዬ እጽናናለሁ።

5. የሰው ስም

«ፈርስት ኔም» እና «ላስት ኔም» ከፈረንጅ ቅጽ የተቀዱ ናቸው። እኛ የቤተሰብ ስም የለንም። የራስ ስም፣ የአባት ስም፣ የአያት ስም ነው ያለን። «ላስት ኔም» የሚል ሳጥን ፊት ግማሹ የአባቱን፣ ግማሹ የአያቱን ይሞላል። ከዚያ ዝርዝሩን በላስት ኔም ስታስተካክሉ ሰው በአያቱ ይደረደራል፤ እትዬ ማንንም አያገኙም።

ሦስት ኮለም አድርጉ፦ «ስም»፣ «የአባት_ስም»፣ «የአያት_ስም»። ሲደረደር በ«ስም»። የገጠር ሠፈር ስለሆነ ስሙም የአባቱም ስም አንድ የሆነ ሁለት ሰው ማግኘት ብርቅ አይደለም፤ «አቅራቢ_ቁጥር» የሚል መለያ ከመጀመሪያው ይኑር።

6. ግሥ፣ ብዛት፣ አዎና አይ

ፈንክሽን ሥራ ስለሚሠራ ግሥ ይኑረው። ዝርዝር የያዘ ቫሪያብል በብዙ ቁጥር ይጠራ፤ «አቅራቢዎች» ውስጥ «አቅራቢ» እየተባለ ሲዞር ኮዱ ራሱ ይተርካል። አዎ ወይም አይ የሚይዘውን እንደ ጥያቄ ወይም እንደ ሐሳብ ጻፉት። እዚህ ላይ አማርኛ ይበልጣል፤ «ተከፍሏል» በአንድ ቃል የተሟላ ዓረፍተ ነገር ነው። እንግሊዝኛው «ኢዝ_ፔይድ» ለማለት ሁለት ያስፈልገዋል። በአሉታ ግን አትጀምሩ። «አልተከፈለም» የሚል ቫሪያብል ውሸት ሲሆን ተከፍሏል ማለት ነው፤ ሌሊት ስድስት ሰዓት ላይ ይህን ለመፍታት ሞክሩ።

ርዝመቱስ? ስሙ የሚታይበት ቦታ ሲሰፋ ስሙም ይርዘም። ሦስት መስመር ውስጥ ተወልዶ ለሚሞት የሉፕ (የድግግሞሽ) ቆጣሪ «አይ» የምትባል አንዲት የላቲን ፊደል ትበቃለች። ፕሮግራሙን ሁሉ ለሚያቋርጥ ግን አትቆጥቡ። በድሮው ፎርትራን ስም ከስድስት ፊደል እንዳይበልጥ ግድ ነበር፤ ዛሬ ግን ኤዲተሩ ቀሪውን ራሱ ይሞላዋል። አናባቢ እየነቀሉ ማሳጠር ከዚያ ዘመን የተረፈ ልማድ ነው፣ ተዉት።

በማይክሮሶፍት ይሠራ የነበረው ቻርልስ ሲሞኒ ያስፋፋው የሃንጋሪ አጻጻፍ የሚባልም አለ፤ ስሙ ፊት የዓይነት ምልክት ይለጠፋል። ዛሬ ዓይነቱን ኤዲተሩ ስለሚያሳይ አልመክረውም። የሊትርና የብር ጭራ ግን ሌላ ነገር ነው፤ ሁለቱንም ኤዲተሩ «ቁጥር» ብሎ ነው የሚያያቸው።

7. ስሙ ከኮዱ ሲወጣ

የገጠመን ሁለተኛው አደጋ ይህ ነው። ቤት ላፕቶፔ ዊንዶውስ ነው፣ ሰርቨሩ ሊኑክስ። ማይሲኩዌል የሚባለው ዳታቤዝ ላይ የቴብሉን (የሰንጠረዡን) ስም አንድ ቦታ በትልቅ ፊደል፣ ሌላ ቦታ በትንሽ ጽፌዋለሁ። ዊንዶውስ ግድ አልነበረውም፤ እዚያ ላይ አንድ ናቸው። ሰርቨሩ ላይ ሲጫን «እንዲህ የሚባል ቴብል የለም» አለ። እኔ ደግሞ ቴብሉን ፊት ለፊቴ እያየሁት ነው። የፋይል ስምም በዚያው መንገድ ያታልላል።

ፖስትግሬስ ሌላ ዓመል አለው። ጥቅስ ውስጥ ያላስገባችሁትን ስም ሁሉ ወደ ትንሽ ፊደል ይለውጣል። በካሜል ኬዝ የተጻፈ ኮለም ሻኛው ይጠፋና አንድ ረጅም ቃል ይሆናል። ኬዙ እንዲጠበቅ ከፈለጋችሁ ዕድሜ ልካችሁን ጥቅስ ስትጽፉ ትኖራላችሁ።

ስለዚህ ዳታቤዝ ላይ፣ ቋንቋችሁ ምንም ይሁን ምን፣ ትንንሽ ፊደልና አንደርስኮር። ፋይልም እንዲሁ። ከፊት ያለው ጃቫስክሪፕት ካሜል፣ ከኋላ ያለው ፓይተን ስኔክ ከሆነ መቀየሪያው አንድ ቦታ፣ በሩ ላይ ይሁን። በየክፍሉ ከተቀየረ መጨረሻው ያው ሦስት ስም ነው።

8. በአንድ ገጽ ጻፉት፣ ዘበኛም አቁሙለት

የተስማማችሁበትን ሁሉ አንድ ገጽ ላይ አስቀምጡ። ከአንድ ገጽ ካለፈ ማንም አያነበውም። የኛ ላይ ያለው የኬዝ ሕጉ አራት መስመር፣ የቃላቱ ወረቀት፣ የጭራዎቹ ዝርዝር (ሊትር፣ ሳንቲም፣ ኢሲ፣ ጂሲ) ብቻ ነው። ፋይሉ ከኮዱ ጋር፣ የኮድ ለውጥ በሚመዘግበው ጊት ውስጥ ይኑር። ቴሌግራም ግሩፕ ላይ የተጻፈ ሕግ በሳምንቱ በሜም ተቀብሯል።

ከዚያ ሰው ሰውን እንዳይቆጣጠር ለማሽን ስጡት። ለፓይተን ፓይሊንት፣ ለጃቫስክሪፕት ኢኤስሊንት ኬዙን ይጠብቃሉ። ይህ ትልቅ ሰላም ነው። «አንደርስኮር ረስተሃል» ብሎ ባልደረባን መነዝነዝ ቀርቶ ማሽኑ ይነዘንዘዋል፣ ማሽንን ደግሞ ማንም አይቀየምም። ቃሉ ትክክል ይሁን አይሁን፣ ጭራው ይኑር አይኑር ግን ማሽኑ በአብዛኛው አያውቅም። የሰው ዓይን እዚያ ላይ ይዋል።

9. የቆየ ስም ስትቀይሩ

አሮጌ ኮድ ካላችሁ ሁሉንም በአንድ ቅዳሜ ልቀይር አትበሉ። በመጥፎ ስም የሚሠራ ፕሮግራም፣ በጥሩ ስም ከማይሠራው ይሻላል። ለሌላ ሥራ የከፈታችሁትን ፋይል ስም በዚያው አስተካክሉ፣ የጎዳችሁን ስም ደግሞ አስቀድሙ።

ፈልጎ መተካትን አትጠቀሙ። «ቀን»ን ሁሉ «ቀን_ጂሲ» በል ብትሉት «ቀንስ» የሚለው ፈንክሽን «ቀን_ጂሲስ» ሆኖ ያርፈዋል። በላቲንም ያው ነው፤ «ዴት» ማለት «አፕዴት» ውስጥም አለች። ቪኤስ ኮድ ላይ ስሙ ላይ ቆማችሁ ኤፍ 2 ተጫኑ፤ እውነተኛውን ስም ብቻ ለይቶ ይቀይራል። ለውጡን ለብቻው ኮሚት አድርጉት (ጊት ላይ መዝግቡት)። ስም መቀየርና ሒሳብ መቀየር አንድ ኮሚት ውስጥ ከገቡ ሲበላሽ የትኛው እንዳበላሸው አይታወቅም። ደግሞ ኮሚቱን ወዲያው ፑሽ አድርጉ (ወደ ሰርቨሩ ላኩት)፤ እኛ ሰፈር መብራት ሲሄድ ኔትወርኩም ተከትሎት ነው የሚሄደው።

ዳታቤዝ ላይ ኮለምን በቀጥታ አትቀይሩ። አዲሱን ጨምሩ፣ ውሂቡን ገልብጡ፣ ኮዱን ወደ አዲሱ አዙሩ፣ አንድ ሁለት የክፍያ ዙር ይለፍ፣ ከዚያ አሮጌውን አውጡ። «ዴት»ን ያስወገድነው እንዲህ ነው። መስከረም ላይ ጀምረን ኅዳር መጨረሻ ላይ ወጣች።

አንዲት «ዴት2» ግን አሁንም አለች። ደረሰኝ የሚያትመው ፕሮግራም ሌላ ሰው የሠራው ነው፣ ኮዱ እጃችን ላይ የለም፣ እሱ ደግሞ በዚያ ስም ካልሆነ አያነብም። ትተናታል። ከላይዋ ባለው ኮሜንት ላይ «ኢሲ ናት፣ ለደረሰኝ ብቻ፣ አትንኳት» ብለን ጽፈናል።